ከምርጫ ወረቀቱ ግርጌ ያሉት ስሞች
ስለ ትምህርት ቦርድ ዕጩዎችና ስለ መምህራን የኅብረት ድርድር ማብራሪያ

ማታ ማታ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን አስተምራለሁ። በ2024 ምርጫ ሰሞን፣ ቀደም ብለው ፈተናውን ያለፉ አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቆዩና በፖስታ የደረሳቸውን የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። በአራት የታጠፈውን በእጃቸው አለሳልሰው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የፕሬዚዳንቱን አውቀውታል፣ የሴኔቱንም እንዲሁ። ጣታቸው ወደ ታች እየወረደ ሄዶ «የትምህርት ቦርድ» ከሚለው ሥር ቆመ።

«መምህር፣ እነዚህኞቹ ፓርቲ የላቸውም እንዴ?»

«የላቸውም እትዬ።»

«ታዲያ እኔ በምን አውቄ ልምረጣቸው?»

ሦስት ልጆቻቸው የሚማሩት በዚሁ በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። የልጆቻቸውን አስተማሪ የሚቀጥረው፣ ደመወዙን የሚደራደረው፣ የትኛው ሰፈር ልጅ የት እንደሚማር የሚወስነው አካል ስሙ ያለው እዚያ ጣታቸው በቆመበት ቦታ ነበር። ያን ማታ በአጭሩ መለስኩላቸው። ረጅሙ መልስ ይኸው። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦርዱ ምን ሥልጣን አለው?

አገር ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሲባል የምናስበው አጥር የሚያሳጥር፣ መዋጮ የሚያሰባስብ፣ ልጅ ሲያጠፋ ወላጅ የሚያስጠራ ስብስብ ነው። የትምህርት ቦርድ እንደዚያ አይደለም። የሞንትጎመሪ ቦርድ ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድራል። የዓመት በጀቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዋናውን ሥራ አስኪያጅ፣ ማለትም ሱፐርኢንቴንደንቱን፣ ቀጥሮ ያሰናብታል። የሠራተኞች ማኅበራት የሚደርሱበትን ስምምነትም ያጸድቃል።

አባላቱ 8 ናቸው። 5ቱ ከየወረዳው፣ 2ቱ ከመላው ካውንቲ ሲመረጡ 8ኛው ተማሪ ነው። አዋቂዎቹ የሚቀመጡት ለ4 ዓመት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ከፊሎቹ ይመረጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የወረዳ ዕጩ በወረዳው መኖር ይገባዋል እንጂ ድምፅ የሚሰጠው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው «ይህ የጀርመንታውን ዕጩ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ካለፈ የራሱን ድምፅ ጥሎ ነው የሄደው።

የኅብረት ድርድር ሲባል

እኛ አገር ቤት ያስተማርን ሰዎች የደመወዝ እርከን ከላይ ተወስኖ በሰርኩላር ሲወርድ ነው የምናውቀው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለፋብሪካና ለግል ድርጅት ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት መብት ሲሰጥ፣ የመንግሥት መምህር በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ሥር ሆኖ ከዚያ ውጭ ቀርቷል። መምህራን ዝም ብለው ግን አያውቁም። በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም የካቲት ላይ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ማቆማቸው አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ነበር። በ1990ዎቹም የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ለዓመታት ታስረዋል፤ የማኅበሩ አመራር አሰፋ ማሩ ደግሞ በ1997 ግንቦት ላይ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ «የመምህራን ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጠው፣ ነገሩ ከእስርና ከጥይት ጋር ተያይዞ በአእምሯቸው ስለቀረ ነው።

እዚህ ግን ድርድር በሕግ የተበጀ የቢሮ ሥራ ነው። ሜሪላንድ ለመምህራን የመደራደር መብት የሰጠችው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በአንድ ወገን የማኅበሩ ተወካዮች፣ በሌላው ወገን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ተቀምጠው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ሥራ ሁኔታ ይነጋገራሉ። የተስማሙበት ይጻፋል፤ መምህራኑ ድምፅ ይሰጡበታል፤ ከዚያ ቦርዱ ያጸድቀዋል። በሞንትጎመሪ እንዲህ ያለ ስምምነት ያለው መምህሩ ብቻ አይደለም። ርዕሰ መምህራን የራሳቸው ማኅበር አላቸው። የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የወጥ ቤት፣ የጽዳትና ረዳት ሠራተኞች ደግሞ ኤስኢአይዩ ሎካል 500 በተባለው ማኅበር ይወከላሉ። ከወገኖቻችን ማለዳ ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢጫውን አውቶቡስ የሚያሞቁ አሉ፤ የቦርድ ምርጫ የእነሱም የደመወዝ ጉዳይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የማይወጣም ነገር አለ። የሜሪላንድ ሕግ ለረጅም ዓመታት ሁለት ነገሮችን ከድርድር ውጭ አድርጎ ኖሯል፦ የትምህርት ዘመኑን ካላንደርና በአንድ ክፍል ሊቀመጥ የሚችለውን ከፍተኛ የተማሪ ቁጥር። የሥራ ማቆም አድማም ክልክል ነው፤ አድማ የጠራ ማኅበር የተወካይነት መብቱን ያጣል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ፣ ጃነስ በተባለው ክስ ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ፣ አባል መሆን ያልፈለገ የመንግሥት ሠራተኛ ለማኅበሩ አንድም ሳንቲም እንዲከፍል አይገደድም። ስለዚህ «ማኅበሩ ሁሉን ጠቅልሎ ይዟል» የሚል ዕጩ ስትሰሙ፣ ማኅበሩ በእጁ ያለው መሣሪያ ይህን ያህል መሆኑን አስታውሱ።

የድርድሩ ተቃዋሚዎች የሚሉትም መሠረት የሌለው አይደለም። ስምምነቱ ግብር ከፋዩን ለዓመታት ያስራል ይላሉ፤ ደካማ መምህርን ለማሰናበት ያስቸግራልም ይላሉ። ሁለተኛው ወላጅን በቀጥታ የሚነካ ነው። በእኔ እምነት ግን በቂ ምክንያት ሳይቀርብበት የማይባረር መምህር ስለ ልጃችሁ ችግር በግልጽ ይናገራል። «ይህ ልጅ ልዩ ድጋፍ ይገባዋል፣ አላገኘም» ብሎ አለቃውን የሚሞግት መምህር ፈሪ ሊሆን አይችልም። የድርድርን መብት የምደግፈው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ያለው ሌላ ቤት ነው

የዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ክፍል እንዳይረሳ እለምናለሁ።

የትምህርት ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። ስምምነቱን የሚፈርመው ቦርዱ ነው፤ ካዝናው ግን ያለው 11 አባላት ባሉት የካውንቲ ካውንስል እጅ ነው። በየዓመቱ ቦርዱ የሚፈልገውን አስልቶ ይጠይቃል፣ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ የራሱን ሐሳብ ያክልበታል፣ ካውንስሉ ግንቦት ላይ ይወስናል፤ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የትምህርት ቤቶቹ ድርሻ ከካውንቲው በጀት ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከትምህርት ቤቶቹ በጀት ውስጥ ደግሞ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ የዕጩዎች ንግግር ሌላ መልክ ይይዛል። «የዋናውን ቢሮ ትርፍ ወጪ ቆርጬ የመምህራንን ደመወዝ አሳድጋለሁ» የሚል ዕጩ አለ። መልካም፤ ነገር ግን ከአሥሩ ዶላር ዘጠኙ የሰው ደመወዝ ከሆነ፣ ቁርጡ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። የትኛው ሰው? ይህን ሳይመልስ ያለፈ ዕጩ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ሁለት ዓመታት ልጥቀስ። በ2023 ካውንስሉ የንብረት ግብርን በ4.7 በመቶ አሳደገ፣ ጭማሪው ለትምህርት እንዲውል። ቤት ያላችሁ ሰዎች ቢሉ ሲመጣ አይታችሁታል። በ2024 ግን ካውንስሉ የሰጠው ቦርዱ ከጠየቀው አነሰ። ቦርዱ ክፍተቱን ለመሙላት የኢንተርኔት ትምህርት ቤቱን ዘጋ፤ በየክፍሉም የተማሪ ቁጥር በአንድ ከፍ እንዲል አደረገ።

«አንድ ልጅ ቢጨመር ምን አለበት?» ያሉኝ አሉ። አብረን እናስላው። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት በቀን 5 ክፍል ታስተምራለች እንበል። በየክፍሉ አንድ ልጅ ሲጨመር 5 ልጅ ነው። አንድ ድርሰት በደንብ ለማረም፣ ማለትም ስህተቱን ቀይ ከማድረግ አልፋ «ይህ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ምሳሌ ጨምርበት» ብላ ለመጻፍ፣ 10 ደቂቃ ይወስድባታል። በአንድ ድርሰት 50 ደቂቃ ተጨመረባት ማለት ነው። ይህን ደቂቃ የምታመጣው ከእንቅልፏ ወይም ከልጆቿ ነው። ካልሆነ ደግሞ በየወረቀቱ ላይ አስተያየት መጻፍ ትተዋለች፤ የአብዛኛው መምህር ዕጣ ይኸኛው ነው። እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማረው ልጃችን ያቺ አስተያየት ናት ትልቋ ትምህርት።

እንግዲህ የተማሪ ቁጥሩ በድርድር አይነካም ብለናል። የሚነካው በበጀቱ ነው። «ክፍሎቹን ቀለል አደርጋለሁ» ያለ ዕጩ ስለ ካውንስሉ ገንዘብ አንድ ቃል ካላለ፣ ቃል የገባው በሌላ ሰው ኪስ ነው።

ወደ ድርድሩ ስንመለስ፣ ማኅበሩና ቦርዱ ካልተስማሙ መጀመሪያ አስማሚ ይገባል፤ ካልሆነም ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ ይሄዳል። ከ2023 ጀምሮ ይህን ሥርዓት የሚከታተለው የሜሪላንድ የመንግሥት ሠራተኞች ግንኙነት ቦርድ ነው። የዳኛው ውሳኔ እንኳ ካውንስሉን «ይህን ያህል ብር አምጣ» ብሎ አያስገድድም። ካውንስሉ ካልበጀተ ተደራዳሪዎቹ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ከላይ ደግሞ ክልሉ አለ። «ብሉፕሪንት» የሚባለውን ትልቅ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ የያኔው ገዥ ላሪ ሆጋን በ2020 በቬቶ ሲመልሱት ምክር ቤቱ በ2021 ቬቶውን ሽሮ አጸደቀው። ሕጉ የመምህር መነሻ ደመወዝ እስከ 2026 ሐምሌ ድረስ 60,000 ዶላር እንዲደርስ ያዛል። ከፊሉን ወጪ ክልሉ፣ ከፊሉን ካውንቲው ይሸፍናል። «60,000ውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል የቦርድ ዕጩ ቢያጋጥማችሁ፣ በክልሉ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የተወሰነ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ፖም ያለበት ወረቀት

በምርጫ ቀን ወደ ጣቢያው ስትገቡ ቅስቀሳ ከሚከለከልበት መስመር ውጭ የቆሙ ሰዎች የፖም ምስል ያለበት ወረቀት ይሰጧችኋል። ይህ «አፕል ባሎት» ነው፤ የሞንትጎመሪ መምህራን ማኅበር የደገፋቸው ዕጩዎች ዝርዝር። የመንግሥት ወረቀት አይደለም። ማኅበሩ ለዕጩዎች ጥያቄ ይልካል፣ ያነጋግራቸዋል፣ ከዚያ የመረጣቸውን ያሳትማል።

ጉልበቱን በ2024 አይተናል። በቦርዱ የነበሩት ሊን ሃሪስ፣ ርብቃ ስሞንድሮውስኪና ሼብራ ኢቫንስ ሦስቱም ወንበራቸውን አጡ፤ ቦታቸውን የያዙት ሪታ ሞንቶያ፣ ናታሊ ዚመርማንና ሎራ ስቱዋርት ሦስቱም በፖሙ ወረቀት ላይ የነበሩ ናቸው። ሁሉን ለወረቀቱ መስጠት ግን ትክክል አይሆንም። አስተዳደሩ የሠራተኞችን ቅሬታ በያዘበት መንገድ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ሱፐርኢንቴንደንቷ ሞኒፋ ማክናይትም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ከሥራቸው ተነሥተዋል።

ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አንብቡት። መምህራን ማንን እንደሚያምኑ ማወቅ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ነገር አብራችሁ አስቡ፦ ማኅበሩ የደገፈው ሰው ሲመረጥ፣ ማኅበሩ የሚደራደረው ከዚያው ሰው ቦርድ ጋር ነው። ስለዚህ ለፖም ዕጩ የሚቀርበው ጥያቄ «መምህራንን ትወዳለህ?» አይደለም። «ገንዘብ በሌለበት ዓመት ማኅበሩን ይህን አልችልም ትለዋለህ? ከዚህ በፊት የደገፈህን ሰው አይሆንም ያልክበትን ጊዜ ንገረን» ነው። እኔ ማኅበሩን የምደግፍ ሰው ሆኜ ይህን እጠይቃለሁ። ጥሩ ዕጩ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ከፖቶማክ ማዶ

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ዘመዶቻችን ታሪካችሁ ሌላ ነው። በ1977 የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአርሊንግተን ጉዳይ ላይ፣ የአካባቢ መንግሥታት ከሠራተኞቻቸው ጋር በኅብረት ለመደራደር ሥልጣን የላቸውም ብሎ ፈረደ። በ1993 ክልከላው በሕግ ተጻፈ። በ2020 የወጣውና በ2021 ግንቦት 1 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በሩን ከፈተ፤ ግን ለእያንዳንዱ ቦርድ ትቶ ነው። አብዛኞቹ መምህራን ከጠየቁ ቦርዱ በ120 ቀን ውስጥ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ድምፁ «አንፈቅድም» ሊሆን ይችላል። ድርድሩን በመላው ክልል ግዴታ ለማድረግ የቀረበውን ሕግ የያኔው ገዥ ግሌን ያንግኪን በ2025 በቬቶ መልሰውታል።

ይህ ማለት በቨርጂኒያ የዕጩው አቋም በራሱ መብቱን የሚሰጥ ወይም የሚነፍግ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። በፌርፋክስ ካውንቲ ቦርዱ በ2023 ፈቀደ፣ መምህራኑ በ2024 ወኪላቸውን መረጡ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ወደ 50 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ስምምነት ደረሰ። ሌላ ካውንቲ ውስጥ ያለ መምህር ያንኑ ሥራ እየሠራ ይህን ላያገኝ ይችላል። ነገሩ ወደ ኋላም ይሄዳል፦ ዊስኮንሲን በ2011 ያወጣችው «አክት 10» የመምህራንን ድርድር ከዋጋ ንረት በማይበልጥ የመነሻ ደመወዝ ጭማሪ ላይ ብቻ ወስኖታል። መብት በምርጫ እንደሚመጣ ሁሉ በምርጫ ይሄዳል።

ዕጩውን ምን እንጠይቀው?

የሴት መራጮች ሊግ ከየምርጫው በፊት የዕጩዎችን መልስ ያሳትማል፤ የዕጩ መድረኮችም ይዘጋጃሉ። እዚያ ስትሄዱ ወይም የጽሑፍ መልሳቸውን ስታነቡ ደስ የሚያሰኘውን ቃል እለፉትና ግስ ፈልጉ። «መምህራን የሕዝባችን ምሰሶ ናቸው» የሚለው ማንንም አያስከፍልም። «ካውንስሉ ሲቆርጥ መጀመሪያ የምቀንሰው ይህን ነው፣ በምንም የማልነካው ደግሞ ያንን» የሚለው ሰው ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ተናግሯል።

እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ገንዘብ ሲያጥር እንግሊዝኛ ለሚለምዱ ልጆች የተመደበው መምህር በስንተኛ ደረጃ ይቆረጣል? ይህ የእኛ ልጆች መምህር ነው። አማርኛ በካውንቲው ተማሪዎች ቤት በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በበጀት ችሎት ላይ ቀርቦ የሚናገር ወላጃችን ግን እምብዛም አላየሁም፤ ዝም ያለው ሰው ድርሻ ደግሞ ለመቁረጥ ይቀላል። የተማሪ ቁጥር ለድርድር መቅረብ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሳኔው የክልሉ ምክር ቤት ቢሆንም የቦርድ አባላት አናፖሊስ ሄደው አቋማቸውን ይናገራሉና፣ ዕጩው የት ሊቆም እንደሚያስብ አሁኑኑ ማወቅ ትችላላችሁ።

ፓርቲ የሌለው ሰው፣ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ልጁ

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ሲመዘገቡ ፓርቲ አልመረጡም፤ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» በማለት። በሜሪላንድ እነሱ በፓርቲዎቹ የማጣሪያ ምርጫ፣ ፕራይመሪ በሚባለው፣ መሳተፍ አይችሉም። በትምህርት ቦርድ ማጣሪያ ግን ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዕጩ ሲበዛ ወደ ኅዳሩ ምርጫ የሚያልፉት ለአንድ ወንበር ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ2024 ከሦስቱ የቦርድ አባላት ሁለቱ የወደቁት በዚያው በማጣሪያው ነው። ማጣሪያውን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ሌሎች የመረጡለትን ሁለት ስም ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ በቦርዱ ምርጫ ድምፅ መስጠት አትችሉም። ታኮማ ፓርክ የምትኖሩ በከተማው ምርጫ ከ1993 ጀምሮ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ያ ግን የከተማው እንጂ የትምህርት ቦርዱ አይደለም፤ እንዳታምታቱት። በችሎት ላይ መናገር፣ ለቦርዱ ደብዳቤ መጻፍ ግን ዜግነት አይጠይቅም።

ልጃችሁስ? 8ኛውን አባል፣ ተማሪውን፣ የሚመርጡት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ያ ተማሪ በበጀቱና በኅብረት ስምምነቶቹ ላይ ጭምር ድምፅ ይሰጣል። አባትየው ገና የዜግነት ወረቀቱን በሚጠብቅበት ቤት የ12 ዓመቷ ልጅ መራጭ ናት። እራት ላይ «ማንን መረጥሽ? ለምን?» በሏት።

እኚያ እናት በማግስቱ፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው የዕጩዎቹን መልስ በአማርኛ እያስነበቡ እንዳደሩ ነገሩኝ። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም። ናሙናው ወረቀት ላይ ግን ከግርጌው ያሉት ክቦች በእርሳስ ተሞልተው ነበር።

በሜሪላንድ የምርጫ ጣቢያዎች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ናቸው። ያልተመዘገበ ዜጋ በዕለቱ መኖሪያውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ሄዶ እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ሰልፍ የያዘ ሰው፣ ተራው ዘግይቶ ቢደርስም ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስም።